በቀቀን ድንቢጥ ስለምትባል ወፍና በወፍ ቤት ውስጥ ስለ መራባቷ

ወፍን መያዝ ሌላ ነው፤ ወፍን ማራባት ሌላ ነው። ለመያዝ ወጥመድና ቀፎ ይበቃል፤ ለማራባት ግን የወፊቱን ጠባይ፥ አገሯን፥ ምግቧን፥ የምትፈራውንና የምትወደውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከመምህሬ ቤት ክዳን ሥር የምትመላለስ አንዲት ቀይ ትንሽ ወፍ ይዤ እንቅብ ደፋሁባት፤ ጤፍና ውሃም አኖርሁላት። በሦስተኛው ቀን እንቅቡን ባነሣው ጤፉ ሳይነካ ወፊቱን ሞታ አገኘኋት። መምህሬም ነገሩን ሰምተው «እህል ያለበት ስፍራ ሁሉ ቤት መሰለህን?» አሉኝ።

በፈረንጅ አገር ወፍ በማራባት የታወቁ ሰዎች ብዙ ከደከሙባቸው ወፎች አንዷ በቀቀን ድንቢጥ ናት። ይህን ስም ያገኘችው መልኳ እንደ በቀቀን አረንጓዴ፥ ምንቃሯና ኑሮዋ ግን እንደ ድንቢጥ ስለ ሆነ ነው። ወገኗ 12 ያህል ሲሆን አገራቸው ከእስያ ደቡብ ምሥራቅ ጀምሮ በኒው ጊኒና በአውስትራልያ ሰሜን በኩል አልፎ እስከ ፊጂና እስከ ሳሞአ ደሴቶች ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲቱ ብቻ እንናገራለን፤ እርሷም ከአውስትራልያ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በፈረንሳይ ግዛት በኒው ካሌዶንያ የምትኖረው ጕሮሮ ቀይዋ ናት። ርዝመቷ 12 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ፊቷ፥ ጕሮሮዋና ጅራቷ ደም የመሰለ ቀይ፥ የቀረው ገላዋ አረንጓዴ ነው። በሣር ሜዳና በጫካ ዳር ትውላለች፤ የሣር ዘር ትለቅማለች፤ በዛፍ ጎሬና በስንጥቅ ስፍራ በጎኑ መግቢያ ያለው ክብ ጎጆ ትሠራለች። በልጅነቴ እንቅብ የደፋሁባት ቀይ ወፍና ይህች የሩቅ ደሴት ወፍ፥ የወፍን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚቈጥሩት፥ የአንድ ቤተ ሰብ ዘመዳሞች ናቸው።

ቀድሞ እንዲህ ያሉ ወፎች ከየአገሩ እየተያዙ በብዛት ወደ አውሮፓ ይጫኑ ነበር፤ ብዙዎቹም በመንገድ ያልቁ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. አውስትራልያ የአገሯ ወፎች ለንግድ እንዳይወጡ ከለከለች፤ አሜሪካም በ1992 የዱር ወፎችን ንግድ የሚወስን ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ከዱር የተያዙ ወፎች ለንግድ እንዳይገቡ ፈጽሞ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእነዚያ አገሮች በአንድ ሰው ወፍ ቤት ያለች ወፍ ብትሞት በምትኳ ከዱር ሌላ አስመጥቶ መተካት ቀርቷል። ያለውን ጠብቆ ማራባት ግድ ሆነ።

የወፍ ቤቱ በሽቦ መረብ የታጠረ፥ ከፍ ከማለቱ ይልቅ ረዘም ያለ ይሁን። ይህች ወፍ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ የምትፈጥን ናትና ከ2 ሜትር ባነሰ ስፍራ ብትዘጋ ትወፍራለች፤ የወፈረችም ወፍ ዕንቁላል መጣል ይከብዳታል። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ግድግዳ ይቁም፤ ሙቀቱም ከ15 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይሻላል። የምትታጠብበት ዝርግ ዕቃ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ይኑርበት።

ምግቧ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚሻ ነው። ደረቅ ዘር፥ እንደ ዳጉሳ ያለው ደቃቅ እህልና የሣር ዘር፥ በሕይወት ያኖራታል፤ ጫጩት ለማሳደግ ግን አይበቃትም። በዱር የምታራባው እሸት የሆነ የሣር ዘር በሚገኝበት ወራት ነውና ባለቤቱ ያን ወራት በወፍ ቤቱ ውስጥ ማምጣት አለበት። ይህንም የሚያደርገው በብቅል ነው። ለጠላ ብቅል የምታበቅል ሴት ሥራውን ከማንም ፈረንጅ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ዘሩን አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፥ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ በእርጥብ ጨርቅ ማኖር፥ ሥሩ እንደ ነጭ ነጥብ ብቅ ሲል መስጠት ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የጠላው ብቅል ይደርቃል፥ የወፉ ግን እርጥብ ሳለ ይበላል፤ ስለዚህ ከዕለቱ የተረፈው ሻጋታ ሳይዘው ይጣል። የሻገተ ብቅል አንድ ቤት ሙሉ ወፍ ይጨርሳል። ከብቅሉ ጋራ ተቀቅሎ የደቀቀ ዕንቁላል፥ የጉንዳን ዕጭ፥ እሸት የሣር ዛላ ይጨመር። የተቀቀለና የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊትም ሁልጊዜ ይቀመጥላት፤ ዕንቁላል የምትጥል ወፍ ቅርፊቱን የምትሠራበትን ነገር ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ታወጣዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። ተባዕቱ ከአንስቲቱ በመልክ ብዙ አይለይም፤ የፊቱ ቅላት ጥቂት ሰፋና ደመቅ ይላል እንጂ። ደኅና ምልክቱ ዜማው ነው። ዜማውን ሳይሰማ ሁለት ተባዕት አጣምሮ ዕንቁላል የሚጠብቅ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። የዚህ ወገን ተባዕት እጅግ ትኵስ ነው፤ የመራባት ወራት ሲደርስ ሴቲቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳድዳታል፤ እንዳትበላም እንዳታርፍም ያደርጋታል። በደሴቷ ብትሆን በጫካው ትሰወርበት ነበር፤ በሽቦ ውስጥ ግን ባለቤቱ ካላበጀላት በቀር መሰወሪያ የላትም። ስለዚህ በቤቱ አንድ ወገን ቅጠሉ የበዛ ቅርንጫፍ ተደራርቦ ይሰቀል፤ ምግቡም በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ የጎጆ ሣጥኑም አንድ ብቻ አይሁን። ሣጥኑ በየወገኑ 15 ሳንቲሜትር ያህል፥ ፊቱ እኩሌታ ክፍት ሆኖ በጨለማው ጥግ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ደረቅ ሣርም በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ጎጆውን ራሳቸው ይሠሩታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሳደዱ ካልቀነሰ ተባዕቱን ለጥቂት ቀን መለየት ነው። አንድ ዓመት ያልሞላት ሴትም አትጣመር። ሳትጠና የጣለች ወፍ ዕንቁላሉ ከሆዷ አልወጣ ብሏት፥ ላባዋን ነፍታ በምድር ላይ ተቀምጣ ትገኛለች፤ ያን ጊዜ ፈጥኖ ወደ ሙቅ ስፍራ ያላዛወራት ሰው ማታ ሬሳ ያነሣል።

ሴቲቱ ከ3 እስከ 6 የሚሆን ነጭ ዕንቁላል ትጥላለች። ቀን ሁለቱ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ፤ ሌሊት ሴቲቱ ትታቀፋለች። ከ12 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይፈለፈላል። የጫጩቱ አፍ ሊታይ የሚገባው ነው፤ በከንፈሩ ማዕዘን ሰማያዊ ዶቃ የሚመስሉ እብጠቶች አሉበት፤ በጎጆው ጨለማ ውስጥ ከበሩ የገባችውን ጥቂት ብርሃን መልሰው ያንጸባርቃሉ። ከራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ እናትና አባት ግን በዚያ ምልክት አፉን አይተው ያጐርሱታል።

በዚህ ስፍራ የአገራችንን ነገር አንድ ልጨምር። የዚያች የክዳን ሥር ቀይ ወፍ ጫጩቶችም በአፋቸው ውስጥ ምልክት አላቸው። ሌላ ወፍ አለ፤ ወንዱ በመራባት ወራት ጥቍር ሆኖ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ነው፤ ሴቲቱ ጎጆ ሳትሠራ ዕንቁላሏን በዚያች በቀይዋ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቷም የቀይዋን ጫጩት የአፍ ምልክት መስሎ ይፈለፈልና ከእነርሱ ጋራ ይመገባል። መምህራን ይህን ለልጆች ስታሳዩ ጎጆ እንዳያፈርሱ፥ ጫጩትም እንዳይነኩ አስጠንቅቁ። ልጆቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው እናትና አባት በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ቢቈጥሩ ይበቃል፤ ይህም ለሒሳብ ትምህርት ደግሞ ይረዳል።

አንዳንድ አራቢዎች የበቀቀን ድንቢጥን ዕንቁላል አንሥተው በጃፓን አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለማዳ ለሆነች ሌላ ድንቢጥ ያስታቅፋሉ። ትዕግሥተኛ ሞግዚት ናት፤ የሰጧትን ሁሉ ታሳድጋለች። እናቲቱ ብትሞት ይህ ደግ ነገር ነው። እንደ ልማድ ማድረጉ ግን አያስመሰግንም። ክላውስ ኢመልማን የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1960ዎቹ በሌላ የአውስትራልያ ድንቢጥ መርምሮ እንዳሳየ፥ በሞግዚት ያደገ ተባዕት ሲጐለምስ የገዛ ወገኑን ሴት ትቶ የሞግዚቱን ወገን ሴት ይከጅላል። በትውልድ ላይ ትውልድ እንዲህ ቢደረግ ልጅ ማሳደግ የማትችለውም እናት ዘሯን ታበዛለች።

ጫጩቶቹ በ21 ቀን ያህል ከጎጆ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ደንግጠው ከሽቦው ጋራ ስለሚጋጩ በመረቡ ፊት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስቀድሞ ይቁም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይተው ራሳቸውን ይመግባሉ። እናቲቱ ግን ዕረፍት አታውቅም፤ ምግቡ ከበዛ ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች፤ ገበያውን የሚያስብ ባለቤትም ደስ ይለዋል። ከ3 ጊዜ በላይ እንዳታሳድግ መከልከል ይገባል። ሦስተኛው ሲያልቅ የጎጆው ሣጥን ይነሣ፤ ብቅሉና ዕንቁላሉ ይቅር፤ ደረቅ ዘርና ጥቂት ቅጠል ይበቃል፤ ተባዕቱም ላባቸውን ለውጠው እስኪጨርሱ ለብቻው ይሁን።

ደግሞም ፊቷ ሰማያዊ የሆነችው ዘመዷ በዚያው ቤት አትግባ፤ ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ ልጆቻቸውም ስለሚወልዱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ንጹሕ ዘር ከቤቱ ይጠፋል። እኔ የጸሐፊነት ሥራ ስለ ለመድሁ ይሆናል፥ ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጥብኝ መዝገቡ ነው። በእያንዳንዱ ወፍ እግር ቍጥር ያለው ትንሽ ቀለበት ይደረጋል፤ በመዝገቡም የአባትና የእናት ቍጥር፥ ዕንቁላሉ የተጣለበትና የተፈለፈለበት ቀን፥ ከጎጆ የወጡት ጫጩቶች ብዛት፥ የሞቱትም ከነምክንያታቸው ይጻፋል። በሚመጣው ዓመት ሊያጣምር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይህን መዝገብ ገልጦ ወንድምና እኅት እንዳይሆኑ ይመልከት።