ልጅን የሚያድን መዝገብ

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በየዕለቱ ከአካባቢያችን ወተት ተጭኖ፣ ሱሉልታን አልፎ፣ እንጦጦን አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያው መንገድ ልጆችም ይሄዳሉ። አንዳንዱ ሥራ ፍለጋ ነው፤ አንዳንዱ ወላጅ ሞቶበት ነው፤ አንዳንዷ ጋብቻ ሸሽታ ነው። የወተቱ ልክ ይጻፋል። ልጁንስ ማን ይጽፈዋል?

ከሰሜን ሸዋ እንዲህ ከሄዱት ልጆች አንዷ ወይዘሮ አበበች ጎበና ነበሩ። የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሞቱ። 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ ፊደል ቆጠሩ፤ ሥራም ያዙ። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ ላይ ረሀብ አዩ። ወላጅ ያጡ 2 ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ሥራው አድጎ በስማቸው የሚጠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ። ያረፉት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።

2 ልጆች በቃል ይታወቃሉ። ልጆቹ ሲበዙ ግን መዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ድርጅት ከሚያበሉና ከሚያስተምሩ ሌላ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ዕቃ ቤት ጠባቂ ይሠራሉ። «ወረቀት ማገላበጥ ምን ሥራ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ እንመልከት።

አንድ ልጅ መጣ እንበል። ጸሐፊዋ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ትጽፋለች። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ትጠራለች። «አገርህ የት ነው?» ስትለው «ማርያም አጠገብ» ይላል። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግን በየአገሩ አለች። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ካቆመች ልጁ ቤቱን አያገኝም። ስለዚህ ትቀጥላለች፦ «ወንዛችሁ ማን ይባላል? ገበያ የምትወጡት የት ነው? በምን ቀን ነው?» ከመልሱ ወረዳው ይታወቃል። ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፋል። እናት ልጇን የምታገኘው በዚህ ነው።

ጋብቻ ሸሽታ የመጣችውን ልጅ ግን ዝም ብሎ ወደ ቤት መመለስ እሳት ውስጥ መልሶ መክተት ነው። ስለዚህ የመጣችበት ምክንያት ይጻፋል። መዝገቡም ይቆለፋል። የልጅ ምሥጢር የቡና ወሬ አይደለም።

የዕቃውም መዝገብ እንዲሁ ነው። 2 ኩንታል ስንዴ ገባ፤ ይህ 200 ኪሎ ነው። 50 ኪሎ ወጣ። 150 ኪሎ መቅረት አለበት። ቆጥረን 130 ብናገኝ 20 ኪሎ የት ሄደ? የጎደለው ከልጆቹ አፍ ነው። ስለ ገንዘቡም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን የሚያሳየው ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የሌለው ለጋሽ ፊት መቆም አይችልም።

እኛ ገበሬዎችስ ምን እናድርግ? አሁን ፊደል አውቀናል። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄደን እናስመዝግብ። የልደት ወረቀቱን አይጥና ዝናብ ከማያገኘው ቦታ እናስቀምጥ። ለልጆቻችን የወረዳችንንና የቀበሌያችንን ስም እናስጠናቸው። «ከተማ ሥራ አገኝለታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ስሙንና የሚወስድበትን ቦታ ጠይቀን እንጻፍ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር በሕግ የተከለከለ መሆኑንም እንንገረው።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጥያቄዎች
1. ጸሐፊዋ «ማርያም አጠገብ» የሚለው መልስ ለምን አልበቃትም?
2. 3 ኩንታል ጤፍ ገብቶ 120 ኪሎ ቢወጣ ስንት ኪሎ ይቀራል?
3. የልጆቻችሁን ስም፣ የተወለዱበትን ቀን፣ ቀበሌያችሁንና ወረዳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።