የመንገድ መዋጮ፦ በሞተር ሐረር ለሚሄዱ ጓደኛሞች



ባለፈው ሳምንት ከዒሻ ሰላት በኋላ አምስት ወጣቶች መስጂድ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። በሦስት ሞተር ከአዲስ አበባ ሐረር ደርሰው ለመመለስ አስበዋል። ገንዘባቸው ትንሽ ነው። ጥያቄያቸው ግን ስለ ገንዘብ አልነበረም፦ «ኡስታዝ፣ ሰላት ማሳጠር የምንጀምረው ከየት ነው?» የከተማው ቤቶች ካለቁ በኋላ ነው፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ሻንጣ ስላሰራችሁ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ በተራዬ ጠየቅኋቸው፦ «ወጪውንስ እንዴት ልታደርጉት ነው?» እርስ በርስ ተያዩ። «እሱማ ቀላል ነው፣ እዚያው እየደረስን እንደየአቅማችን» አለ አንዱ።

ይህችን «እዚያው እየደረስን» የምትባል ነገር በደንብ አውቃታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለን እኛም አምስት ሆነን በዚሁ መንገድ ሄደን ነበር። የወጣነው ሐሙስ ከፈጅር በኋላ ነው። መተሐራ ላይ ለቁርስም ለምሳም የሚሆን ምግብ ስናዝ አንዱ ወንድማችን «ጾመኛ ነኝ» አለ። ሐሙስ ነውና ማሻአላህ አልነው፤ እንዲያውም በራሳችን አፈርን። አሰበ ተፈሪ ስንደርስ መግሪብ ሆነ። መስጂድ ውስጥ በውሃና በሦስት ተምር አፈጠረ፤ እኛ ጥብስ ቤት ስንገባ «ደክሞኛል» ብሎ ተኛ። በነጋታው ሂርና ላይ ሆዱን እንዳመመው ነገረን። ሐረር የገባን ዕለት ማታ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የአንድ ዳቦ ዋጋ ሲጠይቅ አገኘሁት። ኪሱ ውስጥ የቀረችው የመመለሻ ቤንዚን ድርሻው ብቻ ነበረች፤ እሷን ላለመንካት ነው ሁለት ቀን በረሃብ የመጣው።

ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ቢነግረን ወላሂ ሁላችንም እናወጣለት ነበር። ግን አልነገረንም። በየጓደኛሞቹ መካከል የማይናገር ሰው አለ፤ ጉዞ ሲታቀድ መታሰብ ያለበትም መጀመሪያ እሱ ነው።

ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ስለ ሽርክና የሚናገረውን ክፍል የጀመሩት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በንግድ ሽርክና አይደለም። ምግብን በጋራ ስለማድረግና «ነህድ» ስለሚባለው ነገር ነው። ነህድ ማለት መንገደኞች ስንቃቸውን ወይም ወጪያቸውን አውጥተው አንድ ላይ የሚያደርጉት መዋጮ ነው። ሙስሊሞች በዚህ ችግር እንዳላዩበት፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ጨምሮ ቢበላም እንደማይተሳሰቡበት በርዕሱ ላይ ጠቅሰዋል። በዚያው ምዕራፍ ካሉት ሐዲሶች ሁለቱ ለኛ ጉዳይ የተነገሩ ይመስላሉ።

አንደኛው ጃቢር (ረ.ዐ) የተረኩት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) 300 ሰዎችን በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መሪነት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ላኩ። በመንገድ ላይ ስንቅ መመናመን ሲጀምር አቡ ዑበይዳ የሁሉም ስንቅ አንድ ላይ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ተሰብስቦ ሁለት ከረጢት ተምር ሆነ። ከዚያ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ያካፍሏቸው ጀመር፤ በመጨረሻ ለአንድ ሰው አንዲት ተምር ብቻ እስከምትደርስ ድረስ። አንዲት ተምር ምን ትረባለች ተብለው ሲጠየቁ፣ እሷም ባለቀች ጊዜ ማጣቷ ተሰምቶናል ሲሉ ጃቢር መለሱ። ከዚያ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ትልቅ ዓሣ አግኝተው 18 ቀን ተመገቡ። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናስታውሰው በዓሣው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የከረጢቱ ነገር ነው። አሚሩ «የሌለው ማነው?» ብለው አልጠየቁም፤ ሁሉም ያለውን እንዲያመጣ አዘዙ። እጁን ዘርግቶ «እኔ የለኝም» ያለ ሰው አልነበረም፤ አላስፈለገምም።

ሁለተኛው የአሽዐሪዮቹ ሐዲስ ነው። እነዚህ የየመን ሰዎች በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ፣ ወይም መዲና ውስጥ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ያደርጉና በአንድ ዕቃ እየሰፈሩ እኩል ይካፈሉት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ነኝ ብለው አወደሷቸው። ልብ በሉ፤ ያዋጡት እኩል አልነበረም፣ የተካፈሉት ግን እኩል ነበር። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ መዋጮው ለሁሉም እኩል ይቆረጣል፣ ሆቴል ስንገባ ግን ያለው ጥብስ ያዛል፣ የሌለው ሻይ ይጠጣል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ያልኳቸው ይህን ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል (አቡ ዳውድ ዘግበውታል)። አሚራችሁን ዛሬውኑ ምረጡ። እያንዳንዳችሁ ሳትቸገሩ ልታወጡ የምትችሉትን ትልቁን ገንዘብ ለእሱ ብቻ በስልክ ጻፉለት፤ በግሩፑ ላይ አይደለም። አሚሩ ትንሿን ቁጥር ይይዝና ጉዞው በእሷ ልክ ይታቀዳል፤ ቀኑ ይቀነሳል፣ ማደሪያው ይለወጣል። ወይም እንደ አሽዐሪዮቹ ያለው ጨምሮ ያወጣል፣ ማን ስንት እንዳወጣ ግን ከአሚሩ ጋር ይቀራል። ማን ምክንያት ፈጥሮ ሊቀር እንደነበር እሱ እንኳ ለማንም አይናገር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከአዲስ አበባ ሐረር ወደ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱንና እዚያ የምትንቀሳቀሱትን ጨምራችሁ 1,100 ያዙ። እንደ ቦክሰር ያለ ትንሽ ሞተር አንድ ሰው ይዞ በሊትር 40፣ ሁለት ሰው ከነሻንጣው ይዞ 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብላችሁ ብትነሱ፣ ለሦስቱ ሞተሮች ወደ 90 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 18 ሊትር ይደርሳል። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዙት። የራሳችሁ ሞተር ግን ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ሞልታችሁ ነድታችሁ ለኩት። የቴሌብር ሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ ይኑር። ማደያ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ፤ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ዋጋው ሌላ ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አታውቁም። ከዚያ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ካላማደሪያ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦና የጎሚስታ። ከጠቅላላው ሲሶውን ለብልሽትና ለሕመም ለዩት። ገንዘብ ቢያንስ ከመንገዱ ቀንሱ፣ ከሄልሜትና ከፍሬን ሸራ ግን አትቀንሱ። ነፍስ አማና ናት። (ጫትን በጀት ውስጥ አላስገባሁም። አወዳይ ስትደርሱ ትፈተናላችሁ፣ አውቃለሁ።)

«ይህ ሁሉ ስሌት ተወኩልን አይጎዳም ወይ?» ያለኝ አለ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የየመን ሰዎች ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ ይመጡና እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን ይሉ ነበር፤ መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። በዚህ ጊዜ ነው ስንቅ ያዙ የሚለው የሱረቱል በቀራ 197ኛ አንቀጽ የወረደው። ሳይሰናዱ ወጥቶ በጓደኛ ኪስ ላይ መመካት ተወኩል አይባልም።

አንድ ሌላ ነገር፤ ከሦስቱ ሞተሮች አንዱ የዴሊቨሪ ሥራ የሚሠራበት፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው የሆነ ነው። ለከተማ ሥራ የተሰጠን ሞተር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሐረር መውሰድ አይቻልም፤ «አያውቅም» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ቢፈቅድም እንኳ ቢሰበር ማን እንደሚያሠራው ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የራሱን ሞተር የሚያመጣውም ወንድም ጎማውና ካቴናው ለሁላችሁ ነው የሚያልቀው፤ ይህንን ከመዋጮው ቁጠሩለት።

ስለ መነሻ ቀን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሙስ ቀን ለጉዞ መውጣት ይወዱ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ወጣቶቹ የመረጡት ግን ጁሙዓ ጠዋት ነበር፣ ከሥራ ፈቃድ ስላገኙ። በሻፊዒይ መዝሀብ ጁሙዓ ግዴታ የሆነበት ሰው፣ በመንገዱ ላይ ጁሙዓን የሚያገኝ ካልሆነ በስተቀር፣ ፈጅር ከገባ በኋላ ለጉዞ መውጣት አይፈቀድለትም። ሌሎች መዝሀቦች ከዘዋል በፊት ያለውን ሰዓት ሰፋ አድርገው ያዩታል። ሐሙስ ካልተመቻችሁ ቅዳሜ ውጡ አልኳቸው። ሐረር ላይ ከመግቢያና ከመውጫ ቀናችሁ ሌላ አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት ካላሰባችሁ እዚያም ታሳጥራላችሁ። ዙህርና ዐስርን አዋሽ ላይ አንድ ላይ ብትሰግዱ ሞተሩም እናንተም ታርፋላችሁ፤ ሙቀቱም ያስገድዳችኋል።

አዋሽ ድረስ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች አብረዋችሁ ናቸው፤ እነሱ ከዚያ ወደ ገዋኔ ሲታጠፉ እናንተ በሚኤሶ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪ ተራራ ትወጣላችሁ። መንገድ ላይ ግመልና ፍየል አለ፣ በምሽት ደግሞ አይታዩም። ከመግሪብ በኋላ አትንዱ፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያ አድናለሁ ብላችሁ በጨለማ ኩርባ ላይ አትውጡ። በየማለዳው ደግሞ የፊታችሁ መንገድ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ጠይቁ። ስትቆሙም ከአስፋልቱ ራቅ በሉ። ሌሊት ሲያርፉ ከመንገዱ ዞር እንዲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኞችን መክረዋል (ሙስሊም)።

ከፊት የሚነዳው ማን ይሁን ብለው ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደተረኩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር፤ ደካማውን ያግዛሉ፣ እግረኛውን ከኋላቸው ያፈናጥጣሉ፣ ዱዓ ያደርጉላቸዋል። እንግዲህ ጎበዙ ነጂና መፍቻ የያዘው ሰው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ፍጥነቱን ደግሞ ከሁሉ ደካማው ሞተር ይወስነው።

ማደሪያን በተመለከተ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ወጣትና ያላገቡ ሳሉ በነቢዩ መስጂድ ይተኙ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ መስጂዶች ሌሊት ስለሚዘጉ አስቀድማችሁ ሙአዚኑን ወይም ኮሚቴውን አስፈቅዱ። ሐረር ውስጥ የአንዳችሁ አክስት አለች ብላችሁኛል። የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፤ የሚያበላው ሳይኖረው እንግዳ ሆኖ መቆየት ባለቤቱን ወንጀል ላይ መጣል እንደሆነ በሐዲስ መጥቷል። አምስት ሰው ነው የምታመጡባት፤ ዘይትና ስኳር ይዛችሁ ግቡ፣ ጀጎል ውስጥ ያሉትን መስጂዶች ለማየት ሁለት ቀን ይበቃል።

ትናንት አሚር ያደረጉት ልጅ ደወለልኝ። ከአምስቱ አንዱ የጻፈለት ቁጥር የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ጉዞውን ከስድስት ቀን ወደ አራት ቀን አውርደውታል፣ ሆቴሉንም ትተውታል። ሌሎቹ «ለምን?» ሲሉት «አሚር ነኝ» ብሎ ዘጋቸው።

ያ የመተሐራው ጾመኛ ወንድማችንን ዘንድሮ በአንድ ሰርግ ላይ አገኘሁት። ያን ቀን አንስቼ «አውፍ በለኝ» አልኩት። ሳቀ። «አውፉ ይቆይና፣ አንተ አሁን ኡስታዝ ነህ፤ ያ ጾም ይቆጠርልኛል ወይ? እኔ እኮ የነየትኩት የምግቡን ዋጋ ካየሁ በኋላ ነው» አለኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ቤታቸው ገብተው የሚበላ ነገር እንዳለ ዓኢሻን (ረ.ዐ) ጠየቁ። ምንም የለም ሲሏቸው፣ እንግዲያውስ ጾመኛ ነኝ አሉ (ሙስሊም ዘግበውታል)። ዑለማዎቻችን ከዚህ ተነስተው ሰውየው ከፈጅር ጀምሮ ምንም ካልቀመሰ የሱንና ጾምን ከዘዋል በፊት ቢነይት ይቻላል ብለዋል።

«ጠዋት የበላኸው ነገር ነበር?» አልኩት።

«ኧረ ከየት አምጥቼ!»

«መተሐራ የደረስነው አምስት ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲያው ጾም ነው፣ ወላሁ አዕለም።»

«የጁሙዓውስ የሆድ ሕመም?» አለኝ።

እሱን እስካሁን አልመለስኩለትም።