የቆየ ባለ አራት ሲሊንደር ፒክአፕ ሞተርን ጉልበት መመለስ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በሬያችሁ እርሻ መሃል ቢደክምባችሁ መጀመሪያ ጅራፍ አታነሱም። መኖ አግኝቶ እንደሆነ፣ ቀንበሩ ትከሻውን አቁስሎት እንደሆነ፣ ታሞም እንደሆነ ታያላችሁ። ምርታችሁን ወደ ገበያ የምታመላልሱበት የቆየ ፒክአፕም እንደዚሁ ነው። ዳገት ላይ ሲለግም ብዙዎቻችን “ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ” ወይም “ፓምፑ ከፈት ይደረግለት” እንላለን። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ። ሁለተኛው ደግሞ ደህና የነበረውን ሞተር ሊገድለው ይችላል።

የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አንድ ነው፦ የቆየ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው አዲስ ነገር ስለተጨመረለት ሳይሆን ያጣው ስለተመለሰለት ነው። ያጣውም አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ወጪ የሚመለስ ነው።

ትምህርቱ የሚያተኩረው ቱርቦ በሌላቸው የቆዩ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ነው፤ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ ቶዮታ ሂሉክስ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ሞተሮች ላይ።

የትምህርቱ ዓላማ

ከዚህ ትምህርት በኋላ፦
• ሞተር ጉልበት የሚያጣባቸውን ምክንያቶች ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
• ጋራዥ ሳትሄዱ የሚሠሩ ምርመራዎችን በቅደም ተከተል ትሠራላችሁ፤
• ጋራዥ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁና ምን እንደማትፈቅዱ ትወስናላችሁ።

1. ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል። በዚያ ግለት ላይ ኖዝሉ ናፍጣ ሲረጭ ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑንም ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ በቂ አየር፣ በመጠኑና በሰዓቱ የሚረጭ ንጹህ ናፍጣ፣ ጥሩ ጭምቅ (ኮምፕሬሽን) እና ልኩን የጠበቀ ሙቀት። አምስተኛው ደግሞ የተገኘው ጉልበት ሳይባክን ጎማው ላይ መድረሱ ነው።

አየሩ ምን ያህል እንደሆነ እንመልከት። ባለ 2.4 ሊትር ሞተር አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እስከ 3,600 ሊትር አየር ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 18 ጊዜ እንደ መሙላት ነው። አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ሞተሩን የሚያንቀው ለዚህ ነው።

2. ከፍታ የሚወስደው ጉልበት

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭናችሁ በደብረ ሲና በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጡ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየር ይሳሳል። ባህር ጠለል ላይ ያለውን አየር 100 ብንለው ሸዋ ሮቢት ላይ 88 ገደማ፣ ጣርማበር ላይ 74 ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ይህን ጉድለት የትኛውም መካኒክ በመፍቻ አይመልሰውም። መኪናችሁ ቆላ ላይ ደህና ሆኖ ደጋ ላይ ትንሽ ቢከብድ በሽታ ላይሆን ይችላል። ቆላም ሜዳ ላይም ከለገመ ግን በሽታ አለበት፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

3. ራሳችሁ የምትሠሯቸው ምርመራዎች

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ይቀዝቅዝም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

ሀ. የነዳጅ መስጫው ገመድ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ እናንተ ፓምፑ ላይ ያለውን ክንድ ተመልከቱ። ክንዱ እስከ ማቆሚያው ካልደረሰ ገመዱ ረግቧል፤ ወይም ከፔዳሉ ሥር ምንጣፍ ገብቷል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ተጠይቆ አያውቅም ማለት ነው። ማስተካከያው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ለ. የአየር ፊልትሮ። አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ አንሱት። ብርሃን በደንብ ካላሳለፈ ቀይሩት። አቧራውን በአየር ስትነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝግታ ይሁን። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ አቧራ ካወጣ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው። “አየር እንዲያገኝ” ብሎ ያለ ፊልትሮ መንዳት ክልክል ነው፤ አቧራው የፒስተን ቀለበቶችንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ሐ. ናፍጣው። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፍቱና በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥቂት ተቀበሉ። ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከሥር ይረጋል። ፊልትሮው የተዘጋ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ደህና ይመስላል፤ ብዙ ናፍጣ የሚፈልገው ዳገት ላይ ነውና እዚያ ይሰንፋል። ፊልትሮውን ከቀየራችሁ በኋላ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። ናፍጣ በርሜል ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ በርሜሉ እንዲረጋ ጊዜ ስጡት፤ የሥሩን አትቅዱ። ያፈሰሳችሁትን ናፍጣ ማሳ ላይ ወይም የመስኖ ቦይ ውስጥ አትድፉት።

መ. የነዳጅ ታንክ ክዳን። መኪናው ለጥቂት ጊዜ በደንብ ሄዶ ከዚያ የሚሰንፍ ከሆነ አቁማችሁ ክዳኑን ክፈቱ። አየር “ፉሽ” ብሎ ከገባና መኪናው እንደገና ከጎበዘ የመተንፈሻው ቀዳዳ ተዘግቷል።

ሠ. ማቀዝቀዣው። በአውድማና በማሳ መንገድ የሚሄድ መኪና ራዲያተሩ ፊት ላይ ገለባና ጭቃ ይከማቻል። ሞተሩ ሲቀዝቅዝ በውሃ በዝግታ አጽዱት። የማራገቢያውን ቀበቶ ጥብቀት እዩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። “እንዳይግል” ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ስህተት ነው፤ ሞተሩ ልኩን ሙቀት ካላገኘ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም።

ረ. ፍሬን፣ ጎማና ፍሪሲዮን። ጥቂት ፍሬን ብቻ እየያዛችሁ ከነዳችሁ በኋላ መዳፋችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው ፍሬኑ አልለቀቀም፤ መኪናው ታስሮ እየተጎተተ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማም ጉልበት ይበላል። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ሰ. ጭነቱ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅም አንብቡ። ከልኩ በላይ የምትጭኑት እያንዳንዱ ኩንታል ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ከ1,700 ሜትር በላይ ወደ ላይ የሚነሳ 100 ኪሎ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ክብደት ፍሬናችሁን ይፈትናል። ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ሳይታፈን ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ።

4. ጭሱ ምን ይላል?

• ጥቁር ጭስ፦ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹን ጠርጥሩ።
• ሰማያዊ ጭስ፦ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። የዘይቱን መጠን በየዕለቱ ለኩ።
• ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፦ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። የራዲያተሩ ውሃም እየጎደለ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላልና መኪናውን አቁሙ።

5. ጋራዥ ስትሄዱ

ከላይ ያሉትን ሁሉ ሠርታችሁ ለውጥ ካላያችሁ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል እንዲሆን ጠይቁ፦

1ኛ. የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ቁጥሩም ይጻፍላችሁ። አራቱ መቀራረብ አለባቸው። አንዱ በጣም ካነሰ ችግሩ ቫልቭ፣ የፒስተን ቀለበት ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል።
2ኛ. የቫልቭ ክፍተት በአምራቹ ልክ ይስተካከል።
3ኛ. ኖዝሎቹ ወጥተው በመሞከሪያ ይፈተሹ። ጥሩ ኖዝል እንደ ጉም ይረጫል፤ አያንጠባጥብም።
4ኛ. ፓምፑ ናፍጣ የሚሰጥበት ሰዓት ይለካ።

ኮምፕሬሽን ሳይለካ ለፓምፕና ለኖዝል ገንዘብ አትክፈሉ። ጭምቁ የሞተ ሞተር አዲስ ፓምፕ ቢገዛለትም አይነሳም።

የማትፈቅዱት፦ የፓምፑን የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎን ማላላት ወይም ማጥበቅ። ናፍጣ ሲጨመር መኪናው ለጥቂት ቀን የጎበዘ ሊመስል ይችላል። አየሩ ግን አልተጨመረም። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ የሚወጣው አየር ግለት ይጨምራል፤ ረጅም ዳገት ላይ ፒስተን ሊቀልጥ፣ ቴስታታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሌላ መኪና የተፈታ ቱርቦ መግጠምም ለዚያ ባልተሠራ ሞተር ላይ ይህንኑ ጉዳት ያመጣል።

6. የተግባር ሥራ፦ የዳገት ፈተና

አዲስ ዘር ስትሞክሩ ከነባሩ ዘር ጎን ትዘሩታላችሁ እንጂ በግምት አትፈርዱም። ለመኪናም እንዲሁ አድርጉ።

• ትራፊክ የማይበዛበት አንድ ዳገት ምረጡ። መነሻና መድረሻውን በድንጋይ ምልክት አድርጉ።
• በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ ውጡና የፈጀውን ጊዜ በሰኮንድ መዝግቡ።
• አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። በዚያው ዳገት እንደገና ውጡና መዝግቡ።
• ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራ፣ ወጪውንና ሰኮንዱን በደብተር ጻፉ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ደብተሩ ካላችሁ ግን ጋራዥ ውስጥ “ይህ ተሠርቷል፣ ይህ ይቀራል” ማለት ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

የቆየ ሞተር አየሩ ሲከፈትለት፣ ናፍጣው ሲጠራለት፣ ሙቀቱ ልኩን ሲይዝና ፍሬኑ ሲለቀው ከተሠራበት ጉልበት ብዙውን ይመልሳል። ከፍታ የወሰደውን አይመልስም፤ ለዚያ መልሱ ጭነት መቀነስና ማርሽ በጊዜ መቀየር ነው። ሞተር ለማስፈታት ያሰባችሁት ገንዘብ ለዘርና ለማዳበሪያ የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የተማራችሁትን በልማት ቡድናችሁ ውስጥ መኪና ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ላላቸው ጎረቤቶቻችሁ አሳዩ፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ውሃ መሳቢያም አየርና ንጹህ ናፍጣ የሚፈልገው በዚሁ መንገድ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መኪናችሁ ቆላ ላይ ደህና ሆኖ ደጋ ላይ ብቻ ቢለግም በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
2. የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?
3. መካኒክ “ፓምፑን ትንሽ ልክፈተው” ቢላችሁ ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ? ለምን?