ማንጋናይት፦ የጥቂት አተሞች ለውጥና የሚዛን አማና



ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ መሥሪያ ነበረች። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። በማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ለስላሳው መዳብ ከሌላ ብረት ጋር ሲቀላቀል ይጠነክራል። በዚህ እትም የምናየው ዶፒንግም የቁስን ጠባይ ይለውጣል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ዶፒንግ በክሪስታል ውስጥ ካሉት አተሞች ጥቂቶቹን በሌላ ንጥረ ነገር አተሞች መተካት ነው።

1. ሒሳቡ

ላንታነም ማንጋናይት አንድ ላንታነም፣ አንድ ማንጋኒዝና ሦስት ኦክስጅን አለው። ላንታነም +3፣ ኦክስጅኖቹ በድምሩ -6 ስለሆኑ ማንጋኒዙ +3 ይሆናል። ይህ ቁስ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ከ140 ኬልቪን ገደማ በታች ሲቀዘቅዝም የአንዱ ንብርብር ማግኔታዊ አቅጣጫ የጎረቤቱ ተቃራኒ ስለሚሆን እርስ በርስ ይጣፋሉ።

አሁን ከ100 ላንታነም 30ውን +2 በሆነው ስትሮንቲየም እንተካ። በ30 የጎደለውን ቻርጅ ለማካካስ ከ100 ማንጋኒዝ 30ው +4 ይሆናሉ።

2. ውጤቱ

በ+3 ማንጋኒዝ ላይ ያለ ኤሌክትሮን በኦክስጅን በኩል ወደ +4ቱ መዝለል ይችላል። በቀላሉ የሚዘልለው ግን የሁለቱ ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው። ስለዚህ ማግኔትነትና ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አብረው ይመጣሉ። ዮንከርና ቫን ሳንተን በኔዘርላንድ በ1950 ያሳተሙትን ይህን ክስተት ዜነር በ1951 «ድርብ ልውውጥ» በሚባለው ሐሳብ አብራራው።

በስትሮንቲየም የተተካው ቁስ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማግኔት ሆኖ ይቆያል። በተመሳሳይ መጠን ካልሲየም ብንጠቀም ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ካልቀዘቀዘ ማግኔት አይሆንም። ካልሲየም ትንሽ ስለሆነ በማንጋኒዝና በኦክስጅን መካከል ያለውን ድልድይ ያጎብጠዋል፤ ዝላዩም ይከብዳል። በዚያ ሙቀት አካባቢ ከውጭ ማግኔት ብናቀርብ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በእጅጉ ይወርዳል። ማብዛትም አይጠቅምም፦ ካልሲየሙ ከግማሽ ካለፈ ቁሱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ከልካይ ይሆናል።

3. ላብራቶሪ ውስጥ

የመመረቂያ ሥራችሁ በዚህ ላይ ከሆነ ይህን ያዙ። የላንታነም ኦክሳይድ ዱቄት ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ በደጋው ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ብዙ ነው። ዱቄቱ በምድጃ ሳይግል ከተመዘነ ከክብደቱ ከፊሉ ላንታነም አይደለም። 30 ብለን የጻፍነው ስትሮንቲየም በእውነቱ ከ30 ይበልጣል፤ የምንለካው ማግኔትነትም የሌላ ቁስ ይሆናል።

ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን የሚያጓድሉትን ታስጠነቅቃለች። ይህ ለገበያ ብቻ አይደለም። የመዘንነውን በትክክል መዝነን፣ ያገኘነውን ቁጥር ሳናሳምር መጻፍ አማናችን ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።