የፍርድ ቤት ሠራተኛ የደረጃ ዕድገት፦ ሚዛኑ አስቀድሞ ይታወቅ

ፍትሕ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዳኛውን ነው። ይሁን እንጂ ባለጉዳዩ ከዳኛው በፊት የሚያገኘው የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን፣ ሬጅስትራሩን፣ ጸሐፊዋንና ችሎት አስከባሪውን ነው። እኔ በጣራ ገዳም አካባቢ የምኖር ሰው ነኝና ምሳሌዬን ከዚሁ ልጀምር። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ማብቀል ከለመደ ወዲህ መሬቱ ተፈላጊ ሆኗል። ተፈላጊ መሬት ባለበት ደግሞ ክርክር አይጠፋም። በወረዳ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኙን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። የውሳኔው ግልባጭ ቢዘገይ ወይም መዝገቡ ካለቦታው ቢቀመጥ ያ ጊዜ ያልቃል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ማስፈቀድ ቢችልም እርሱ ራሱ ሌላ ምልልስና ሌላ ወጪ ነው።

ስለዚህ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊነት ማን ያዘው? በምን መስፈርት ያዘው? የሚለው ጥያቄ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መዝገብ አማና ነው። አማናም ለሚችለው ይሰጣል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የደረጃ ዕድገት በችሎታ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህንኑ ይዘው ነበር። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም እንዲኖር አድርገዋል። የአማራ ክልልም የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ክርክሩ ከየት ይመጣል?

ክርክሩ የሚነሣው በአብዛኛው ከአሠራሩ ነው። አንደኛ፣ ክፍት የሥራ መደቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይወጣ ሰው ይመደብበታል። ሁለተኛ፣ ተወዳዳሪዎች ከታወቁ በኋላ መስፈርቱ ይለወጣል። ሦስተኛ፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው አለቃ ነውና ነጥቡ የሥራ ሳይሆን የቅርበት መለኪያ ይሆናል። አራተኛ፣ ውጤቱ ምክንያቱ ሳይጻፍ ይነገራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለፈተና 50፣ ለአፈጻጸም 30፣ ለልምድ 20 ነጥብ ተይዟል እንበል። አንዲት ጸሐፊ በፈተናው አንደኛ ወጣች፤ ለአፈጻጸም ግን 12 ብቻ ተሰጣት። ነጥቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ይህን መለየት የሚቻለው ግን በየጊዜው የተሞላው የምዘና ቅጽ በግል ማህደሯ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ማስረጃ ከሌለ ያሸነፈውም በሐሜት ይኖራል፤ የተሸነፈችውም በቅሬታ።

ሌላው የሚያከራክረው ጉዳይ ነባርነት ነው። «እኔ ሃያ ዓመት አገልግያለሁ» የሚለው ሠራተኛ ያነሣው ነገር ቀላል አይደለም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በገጠር ባንኮች ሠራተኞች ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ይህን አብራርቷል። ደንቡ ነባርነትን ከብቃት ጋር የሚያስቀድም ከሆነ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ብቃት ካሟሉት መካከል ነባሩ ይቀድማል፤ ሌላው በነጥብ ቢበልጠውም እንኳ። ብቃትን የሚያስቀድም ደንብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱም መንገዶች ሕጋዊ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥፋቱ ያለው በአንዱ ደንብ አወዳድሮ በሌላው መወሰን ላይ ነው።

በፍርድ ቤት ሠራተኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለ። ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ቢበድለው ወደ ፍርድ ቤት ያመለክታል። የፍርድ ቤት ሠራተኛ ግን አሠሪው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 79 የዳኝነት አካሉን ነፃነት አረጋግጧል። ይህ ነፃነት ተገቢ ነው። ነገር ግን ነፃነት ማለት ሠራተኛን ያለ ተጠያቂነት ማስተዳደር ማለት አይደለም። በማንም ሰው ላይ ያለ ምክንያት መወሰን አይገባም ብሎ የሚፈርድ ተቋም በገዛ ሠራተኛው ላይ ያለ ምክንያት ሊወስን አይገባውም። የመረጠው ኃላፊም ቅሬታውን መልሶ ሊሰማ አይገባም። ይህ በመደበኛውም ሆነ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ዘንድ እኩል የሚሠራ መርሕ ነው።

እዚህ ላይ ቅሬታ አቅራቢዎችም ሊረዱት የሚገባ ነገር አለ። ቅሬታ የሚሰማ አካል ሥራው ተወዳዳሪዎቹን እንደገና መምረጥ አይደለም። ሥራው ማስታወቂያው ወጥቷል ወይ? መስፈርቱ ተጠብቋል ወይ? ነጥቡ ማስረጃ አለው ወይ? ብሎ መመርመር ነው። ስለዚህ «እኔ እበልጣለሁ» ብሎ ብቻ የሚከራከር ሠራተኛ ብዙ ርቀት አይሄድም። የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የምዘና ቅጹንና የውጤት መግለጫውን ይዞ፣ የተጣሰውን ደንብ ለይቶ፣ በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመለከተ ግን ሰሚ ያገኛል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። መስፈርቱን ከውድድሩ በፊት ይለጥፉ፤ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ ላላለፈው ሰው ያላለፈበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡ። እንዲህ ከሆነ የተሸነፈው ሠራተኛ በማግሥቱ ቂም ሳይዝ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ከፎገራ ሜዳ ግልባጭ ሊወስድ የመጣው ባለጉዳይም ቀኑ ሳያልፍበት ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል።