አስታማሚን ማን ያስታምማል?



አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ ሲባል በአገራችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት የአልጋው ዙሪያ በሰው ይሞላል። ብርቱካኑ፣ ዳቦውና ለስላሳው ይደረደራል፤ ዘበኛው «ሰዓቱ አልፏል፣ እባካችሁ ውጡ» እያለ ይለምናል። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂው በጣት የሚቆጠር ይሆናል። በአምስተኛው ሳምንት ከአልጋው አጠገብ የምትገኘው እናት ብቻ ናት፤ እርሷም ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፋ። ይህ ትምህርት ስለ አምስተኛው ሳምንት ነው።

ነቀምቴ ከሕክምና ጋር የቆየ ትውውቅ ያላት ከተማ ናት። ስዊድናዊው ሐኪም ኤሪክ ሶደርስትሮም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚህች ከተማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የወለጋ ሰው ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማምጣትን ለምዷል። ማምጣቱን እናውቅበታለን። ከመጣ በኋላ ለወራት አብሮ መቆየቱን ግን ገና አልተማርንም፤ ይህን ስንል ራሳችንን ጨምረን ነው።

እንድንማር ያደረገን ከኡኬ አካባቢ፣ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ካለው ቆላ፣ የመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በግንቦት ወር ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ጭኑ አበጠ። ቤተ ሰቡ ወደ ወጌሻ ወሰዱት፤ ወጌሻውም አሽቶ አሰረው። ወጌሻን ሁሉ ለመንቀፍ አንነሣም፤ ብዙ ወለምታ በእጃቸው ድኗል። ነገር ግን የታሰረው እግር ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ልጁ ካተኮሰው እስሩ በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ተከልክሎ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለና። ይህ ልጅ ሁለት ሳምንት በትኩሳት ከቆየ በኋላ ነቀምቴ ደረሰ። ሐኪሞቹ አጥንቱ ውስጥ መግል ይዟል አሉ።

ይህ በሽታ በልጆች ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ተሐዋስያን በደም ተጉዘው በሚያድገው አጥንት ጫፍ ላይ ሲያርፉ ነው። አጥንት እንደ ሥጋ ቶሎ መድኃኒት አይጠጣም። ስለዚህ መድኃኒቱ እንደ ሁኔታው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ከአጥንቱ የሞተ ክፍል ካለ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ ቁስሉ አይደርቅም። ቤተ ሰቡ ግን የተረዳው «ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ እንግዲህ ዳነ» ብሎ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሲበርድ አባትየው ልጄን ልውሰድ አለ። ትኩሳት በረደ ማለት ግን ተሐዋስያኑ አለቁ ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ቢወጣ ኖሮ መግሉ ተመልሶ፣ ለዓመታት የሚያዥ ቁስል ይዞ ሊያድግ ይችል ነበር።

ልንመክራቸው ሄድን። በልባችን ያሰብነው «አልገባቸውም፣ እናስረዳቸው» ብለን ነበር። እናትየዋ ግን ከእኛ የተሻለ ገብቷታል። የመድኃኒቱን ስም እንኳ ታውቃለች። የከበዳት ሌላ ነው። ቤት ሦስት ልጆች ትታለች፤ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ትምህርት ቤት ቀርታ እንጀራ ትጋግራለች። በቆሎው አረም በልቶታል። ጊደሪቱ ተሸጣለች። የጤና መድኅኑ የልጁን ሕክምና ቢሸፍንም የአስታማሚን ምሳ አይሸፍንም፤ የመኪናውንም አይሸፍንም። እርሷ የምትበላው ከልጁ ሳህን የተረፈውን ነው። ይህን ሁሉ ለማን ነገርሽ ብንላት «ማን ጠየቀኝ?» አለች። እኛ ሦስት ጊዜ መጥተን ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «ልጁ እንዴት አደረ?» ብለን፣ ጸልየን፣ ብርቱካን አስቀምጠን ደስ ብሎን ተመልሰናል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላልናትም።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ (ሉቃስ 10) ስንሰብክ ብዙውን ጊዜ መንገዱ ላይ፣ ዘይቱና ወይኑ ላይ እናቆማለን። ታሪኩ ግን ወደ እንግዶች ማደሪያ ይገባል። ሳምራዊው በማግስቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ የሚተርፍ ወጪ ቢኖርም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ቁስለኛውን ቀን ከሌት የሚያስታምመው እንግዲህ ጠባቂው ነው፤ ሳምራዊውም ያን ጠባቂ ባዶ እጁን አልተወውም፣ እመለሳለሁ ብሎም ቃል ገባለት። በሆስፒታል ያለችው እናት በዚያ ጠባቂ ቦታ ናት።

ከዚያ በኋላ የነቀምቴው ጉባኤ የሴቶች ኅብረት ተራ አወጣ። ምሳ በየቀኑ ከአንድ ቤት ይመጣል፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት አንዲት እኅት ልጁ ዘንድ ታድራለች፣ እናትየዋም ቤት ሄዳ ገላዋን ታጥባ ትተኛለች። የኡኬ ምእመናን ደግሞ ደቦ ጠርተው በቆሎውን አረሙ፤ የልጅቷንም ተራ አንዲት አክስት ያዘችላትና ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተስማማም። የመጀመሪያዋ ሌሊት ጭራሹን ተበላሽታ ነበር፤ ልጁ የማያውቃት ሴት አጠገቡ ስትተኛ ሲያለቅስ አነጋ። ስለዚህ ተረኛዋ አስቀድማ ሁለት ሦስት ቀን ከእናትየዋ ጋር እንድትቀመጥ፣ እንድታጫውተው ተደረገ። «እናትህ ነገ ጠዋት ከቁርስ በፊት ትመጣለች» ይባላል፤ እናትም በተባለው ሰዓት ትመጣለች። ሳይነገረው ተደብቆ መውጣት ግን ቀረ።

በዚህ ነገር ሌሎች አገሮች የተማሩትን ብናውቅ ይጠቅመናል። በእንግሊዝ አገር በብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች የታመመ ልጃቸውን በተወሰነች ሰዓት ብቻ ያዩ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ሕፃንን ፊልም አንሥቶ አሳየ። ልጆች ከእናታቸው ሲለዩ መጀመሪያ ይጮኻሉ፤ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጠው ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻም እናት ብትመጣ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሠራተኞቹ ዝም ያለውን ልጅ «ለመደ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የፕላት ኮሚቴ ወላጆች በማንኛውም ሰዓት እንዲገቡ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ አሳሰበ። እኛ ዘንድ እናት ከአልጋው ሥር መተኛቷ ጥንትም ያለ ነው፤ በዚህ ከእንግሊዞቹ ቀድመናል ብንል ትዕቢት አይሆንብንም። የጎደለን እርሷን የሚተካ ሰው ነው። ዝም ያለውንም ልጅ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ብለን አንለፈው፤ ምናልባት የሚከብደው እርሱ ይሆናል።

ስለ ልጁ ራሱ ጥቂት እንጨምር። «ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የሚለውን ማስፈራሪያ እንተወው፤ መርፌው ነገም ይመጣልና ልጁ ከሐኪሙ ጋር ጠላት ሆኖ ነው የሚጠብቀው። «አያምምም» ማለትም ከተወጋ በኋላ የሚታመን ቃል አያስተርፍልንም። «ያማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እጅህን እይዝልሃለሁ» ማለት ይሻላል። የኡኬው ልጅ ቁስሉ ሲታጠብ እስከ ሃያ ይቆጥር ነበር፤ ነርሷም ሃያ ላይ ቆም ትልለታለች። ቆርኪና ጠጠር አምጥተንለት ገበጣ ተጫወተ፤ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቱ መጡለት። አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ አይቆጡት፤ በፍርሃት የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፍርሃቱ ጋር ይሄዳል።

ስለ ምግብም የወለጋ እናቶች የሚሉትን መናቅ አይገባም። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አንጮቴ ይቀቀልለታል፤ አንጮቴም ካልሲየም ያለው ሥር ነው። ከእንቁላል፣ ከወተትና ከባቄላ ጋር ቢሰጥ መልካም ነው፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይወስድም። ለአስታማሚዋም ከድስቱ ይቅረብላት።

ልጁ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ወጣ። በሁለት ክራንች ነው የሄደው፤ ጉልበቱም ገና በደንብ አይታጠፍም፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲያሠሩት ለአባቱ ታይቶታል። በጉባኤው ሲመሰክሩለት ሁሉም እልል አለ። እኛም ደስ አለን፤ ግን እልልታው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን እንዳይሆን ፈራን። ቀጣዩ ቀጠሮው በኅዳር ነው፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ወር። አባቱ «በዚያ ጊዜ እንኳ አልችልም» ብሎ ነግሮናል። ከኡኬ ሽማግሌዎች አንዱ ከልጁ ጋር ሊሄድ ስሙን አስመዝግቧል፤ የመኪናውም ብር በሴቶች ኅብረት ሣጥን ተቀምጧል።