ቢጫዋ ጽጌረዳ እንዴት ተገኘች? ዝርያ ስለ ማዳቀልና ችግኝ ስለ መምረጥ የቀረበ ትምህርት



ክረምቱ አልፎ ወርኃ ጽጌ በገባ ቁጥር ከየአጥቢያው ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለቅጥር ግቢያችን የትኛውን አበባ እንትከል?» የሚል ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ቢጫ ጽጌረዳን ነው። በዚህ ትምህርት ቢጫዋ ጽጌረዳ በስንት ድካም እንደ ተገኘች፣ ከውበቷ ጋር ምን ደዌ ይዛ እንደ መጣች፣ ያንንም ለማረም ምን እንደ ተደረገ እንመለከታለን። ይህን የምናቀርበው አዲስ ዝርያ እንድታዳቅሉ ብለን አይደለም፤ እኛ የሠራነውን ስሕተት እንዳትደግሙት ብለን ነው።

፩. ስሕተታችን

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የገጠር ደብር አበባ እየሸጠ የአብነት ተማሪዎቹን ቀለብ ለመደጎም አሰበ። እኛም 40 የቢጫ ጽጌረዳ ችግኞችን አቀረብንለት። የመረጥናቸው ሥዕላቸውን አይተን ነበር። ሦስት ዓይነት ሲሆኑ ሁለቱ ደማቅ ወርቃማ፣ ሦስተኛው ግን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነበረ፤ ፈዛዛውን ያካተትነው ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ ነው። ቦታ እንዲገኝም በአጥሩ ጥግ ለብዙ ዘመን የኖረው ቀጋ ተመነጠረ።

በተከላው ዕለት አንድ አረጋዊ መሪጌታ «ልጆቼ፣ ይህ አበባ የእኛን ክረምት ያውቀዋል?» ብለው ጠየቁን። ፈገግ ብለን አለፍናቸው። በሁለተኛው ክረምት በቅጠሎቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ፤ የነጠብጣቡ ዙሪያ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉም ረገፈ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ ደማቅ ዓይነቶች እሾህና ግንድ ብቻ ሆነው ተገኙ። ፈዛዛው ግን ቅጠሉን እንደ ያዘ አበበ። ለቀለብ ታስቦ የነበረው ገንዘብም በዚያ ዓመት አልተገኘም። የመሪጌታው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በቢጫዋ ጽጌረዳ ታሪክ ውስጥ ነው።

፪. ከፋርስ የመጣው ቢጫ

የአውሮፓ ጥንታዊ የአትክልት ጽጌረዳዎች በአብዛኛው ነጭ፣ ሐምራዊና ቀይ ነበሩ። ደማቅ ቢጫ የሚገኘው ከምዕራብ እስያ በሚበቅል አንድ የዱር ዝርያ ዘንድ ነው፤ ሽታው ደስ ስለማያሰኝ በላቲን ስሙ «የሚሸተው ጽጌረዳ» ተብሏል። የዚህ ዝርያ ድርብርብ አበባ ያለው ዓይነት «የፋርስ ቢጫ» ይባላል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰር ሄንሪ ዊሎክ የተባለ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ከፋርስ ወደ እንግሊዝ አመጣው። የሚያብበው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘርም ከእርሱ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የነበረው አትክልተኛ ዦዜፍ ፔርኔ ዱሼ በ1880ዎቹ ይህን ቢጫ ደጋግሞ ከሚያብቡ ጽጌረዳዎች ጋር ማዳቀል ጀመረ። ሙከራው ለዓመታት ፍሬ አልሰጠም። በመጨረሻ «አንትዋን ዱሼ» ከተባለ ቀይ ጽጌረዳ ጋር ካዳቀለው ጥቂት ዘር አገኘ። ከዚያም የወጣው ትውልድ «ሶሌይ ዶር»፣ ማለትም «የወርቅ ፀሐይ» የተባለውን ጽጌረዳ አስገኝቶ በ1900 ለገበያ ቀረበ። ቀለሙ ገና ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ የሚያደላ ነበር፤ ንጹሕ ቢጫ የሆነው «ሬዮን ዶር» የታየው በ1910 ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ንጹሑ ቢጫ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል።

ፔርኔ ዱሼ ሥራውን ይወርሳሉ ብሎ ተስፋ ያደረገባቸው ሁለት ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ። እርሱም በ1920 ያወጣውን ቢጫ ጽጌረዳ በልጁ በክሎዲዩስ፣ በተከታዩ ዓመት ያወጣውን ሌላ ጽጌረዳ ደግሞ በልጁ በጆርጅ መታሰቢያነት ሰየማቸው። ዛሬ በየገበያው ከምናያቸው ደማቅ ቢጫና ብርቱካን ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሰው ሥራ የወረዱ ናቸው።

ነገር ግን የፋርሱ ቢጫ ያወረሰው ቀለሙን ብቻ አልነበረም። ለጥቁር ነጠብጣብ በሽታ በቀላሉ የሚሸነፍ በመሆኑ ይህንንም ድካም ለልጅ ልጆቹ አስተላለፈ። በደረቁ አገሩ ብዙም ያልታወቀው ድካም ዝናብ በሚበዛበት አገር ተገለጠ። በዚያ ደብር ያየነው ይህንኑ ነው።

፫. ማዳቀል እንዴት ይከናወናል?

ሥራው በጥቂት መሣሪያ የሚሠራ፣ ነገር ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። አዳቃዩ እናት እንድትሆን የመረጣትን አበባ ገና ሳትፈነዳ ይከፍትና የራሷን ዱቄት የሚያወጡትን ወንዴ ክፍሎች በጥንቃቄ ይነቅላል። ከአባት አበባ የተሰበሰበውን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ በሴቴው ክፍል ጫፍ ላይ ያሳርፋል። ነፍሳት ሌላ ዱቄት እንዳያመጡ በወረቀት ይሸፍናታል፤ የወላጆቹን ስምና ዕለቱንም ጽፎ ያንጠለጥላል። ፍሬው ለመብሰል ወራት ይወስዳል። ዘሩም ወዲያው አይበቅልም፤ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በቅዝቃዜ ሊቆይ ይገባዋል።

ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮች እንደ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። አንዱ የአባቱን ቀለም፣ ሌላው የእናቱን ጥንካሬ፣ ሦስተኛው የሁለቱንም ድካም ይወርሳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከማዳቀሉ ይልቅ መምረጡ ነው። የተመረጠው አንድ ተክል በዘር ቢባዛ ስለሚለወጥ፣ ቡቃያው በሌላ ጠንካራ ሥር ላይ እየተጣበቀ ወይም ቅርንጫፉ እየተቆረጠ እየተተከለ ይባዛል።

፬. ውበትንና ጥንካሬን ማስታረቅ

በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሺር የገበሬ ልጅ የነበረው ዴቪድ ኦስቲን የጥንቶቹን ጽጌረዳዎች ቅርጽና መዓዛ ከአዲሶቹ ቀለምና ደጋግሞ ማበብ ጋር ለማዋሐድ ተነሣ። በ1961 ያወጣው የመጀመሪያው ዝርያ «ኮንስታንስ ስፕራይ» ሐምራዊ ሲሆን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ነበር። ዝነኛ የሆነው ቢጫ ቁጥቋጦ ጽጌረዳው «ግራሃም ቶማስ» የወጣው በ1983፣ ማለትም ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ራሱ የነጩ «አይስበርግ» ልጅ ነበር። ስያሜውም ተረስተው የነበሩ የጥንት ጽጌረዳዎችን ሰብስቦ ላቆየ አትክልተኛ መታሰቢያ ነው፤ አሮጌው ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ አዲሱ ባልተገኘም ነበርና።

በጀርመን ደግሞ አዳዲስ ዝርያዎች በልዩ ልዩ ሥፍራ ተተክለው ለሦስት ዓመት የሚፈተኑበት ሥርዓት አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ፈተና ወቅት ፀረ በሽታ መድኃኒት አይረጭም። የአበባው ውበት ብቻውን አያሳልፍም፤ ቅጠሉን መያዝ አለበት። መሪጌታው የጠየቁትም ይህንኑ ነበር።

፭. ለአጥቢያችን

አንደኛ፤ ብዙ ከመትከል በፊት ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ተክሎ ቢያንስ ሁለት ክረምት ማየት ይገባል። የአበባውን ቀለም ብቻ ሳይሆን በመስከረም የቀረለትን ቅጠል መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሚስፋፋው ቅጠል ለረጅም ሰዓት ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ሥፍራ አራርቆ መትከል፣ ውኃን በጧት ከሥር ማጠጣት፣ የረገፈውንም ቅጠል ሰብስቦ ማስወገድ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ያለውን አለማጥፋት ነው። ቀጋ የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁም አጥር ይሆናል። ክረምታችንንም ያውቀዋል። ደግሞም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተተክላ የተገኘችን ነጣ ያለች ሐምራዊ ጽጌረዳ በላቲን «ቅድስት ጽጌረዳ» ብሎ መዝግቧታል። በየግቢያችን ምን እንዳለ ሳናውቅ መመንጠር እንደማይገባን ይህ ምስክር ነው።

በዚያ ደብር አሁን ከፈዛዛው ዓይነት ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በመትከል ላይ ነው። ቀጋውም ከጎረቤት አጥቢያ በመጣ ፍሬ እንደ ገና ተዘርቷል፤ አጥር እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል። መሪጌታውን ይቅርታ ጠይቀናል። እርሳቸውም «እንግዲህ ክረምቱን አብረን እንጠብቃ» አሉን።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቅጥር ግቢያችን ከእኛ በፊት የተተከሉ ዕፀዋት የትኞቹ ናቸው? ስማቸውንና ጥቅማቸውን የሚያውቁ አረጋውያንን ጠይቀናል?

2. ባለፉት ዓመታት በመልካቸው ብቻ መርጠን የተቀበልናቸው ችግኞች ወይም ሥራዎች አሉ? ከመልካቸው ጋር ምን ይዘው መጡ?

3. በመጪው ክረምት የምንፈትነው ምንድን ነው? ውጤቱን የሚመዘግበውስ ማን ነው?